ድንጋይ ስትጠብቅ የከረመች አህያ

አንድ ጊዜ ጅብ የአንዲትን አህያ የመጀመሪያ ልጅ በላባት። የቀራት ገና ጡት ያልጣለው ትንሹ ውርንጭላ ብቻ ነበር። የአራዊት ንጉሥ አንበሳም ይህን ሰምቶ፣ «ከእናቲቱ ጋር ሳትታረቅ ወንዝ ወርደህ ውሃ እንዳትቀምስ» ብሎ ፈረደበት።

ጅቡም እንደ ወጉ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሬን ሽማግሌ አድርጎ፣ ደጇ መጥቶ ቆመ። ድንጋዩን ማውረድ የምትችለው የተበደለችው ብቻ ናት።

«እመት አህዪት፣ ይቅር በይኝ» አለ ጅቡ። «ደግሞ ትንሽ ስለነበር እምብዛም አልጠገብኩም።»

በሬው አፈረ። «አያ ጅቦ፣ አንተ ዝም በል» አለና ወደ እሷ ዞረ። «ልጄ፣ የሚገባው ሆኖ አይደለም። ግን እኛም በየቀኑ ‹ማረን› የምንለው ጌታ አለ። ስለ እሱ ብለሽ አውርጂለት።»

«ይሸከም» አለች አህያዪቱ። «እኔ የተሸከምኩትን ማን አወረደልኝ?»

በሬው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ወዲያው ቀበሮ ብቅ አለች።

«እንኳንም እንቢ አልሽ፣ እህቴ። ግን ጀርባሽን ከሰጠሽው ያወርደዋል። ጅብን አታውቂውም እንዴ? እኔ ብሆን ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቅልም።»

ጅቡ እዚያ ሲገተር የሜዳው አደን ሁሉ ለቀበሮዋ ሆኖላት ነበር። አህያዪቱ ግን ይህን አላሰበችም። ሣር ሳትግጥ፣ ውሃ ሳትጠጣ ፊት ለፊቱ ቆመች። ጀንበር ጠለቀች፤ ወጣች፤ ደግሞ ጠለቀች። የጅቡ ጉልበት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ደስ ይላት ነበር።

«እማዬ፣ ጡትሽ ምንም የለውም» አለ ውርንጭላው።

«ቆይ፣ ልጄ። ይሄ ሲወድቅ አይቼ እንሄዳለን።»

«ወንዙ እኮ ቅርብ ነው።»

«ቆይ አልኩህ።»

ጅቡ ግን አልወደቀም። ሲነጋ ውርንጭላዋን ጠራችው፤ አልመለሰላትም። ዞር ስትል እግሮቹን ዘርግቶ ተኝቷል። በአፍንጫዋ ነካችው። ቀዝቅዟል።

ከዚያ ወደ ጅቡ ሄዳ ድንጋዩን በአፏ ገፍታ ከአንገቱ ጣለችው።

«ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?» አለ ጅቡ ግራ ተጋብቶ።

«አዎ። አንዱን አንተ በላህብኝ፤ ሌላውን እኔ። እንግዲህ ማን ማንን ድንጋይ ያሸክማል?»

ጅቡ አንገቱን እያሻሸ የተኛውን ውርንጭላ አየ። ምራቁን ዋጠ።

«ታዲያ ይሄኛውን የሚፈልገው ከሌለ…»

አህያዪቱ በልጇና በጅቡ መካከል ቆመች። «ሂድ፣ አያ ጅቦ» አለች። «ወንዝ ውረድና ውሃህን ጠጣ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጌታ ይቅርታ የማይገባውን እንኳ ይቅር በሉ ያለን ለበደለን አዝኖ ብቻ ሳይሆን፣ ቂማችንን ቆመን ስንጠብቅ የቀረንን እንዳናጣ ለእኛም አዝኖ መሆኑን ነው።