ዳገቱ ሳያልቅ «ደረስን»

ይህን ያወጋችኝ አጥር የምትጋራኝ ፀጉር ሠሪዋ ማዘንጊያ ናት። እሷም የሰማችው በወሬው ውስጥ ካሉት ሁለት ሴቶች ከአንደኛዋ አክስት ነው። ማዘንጊያ ወሬ ማሳመር ትወዳለች፤ ያሳመረችውን ትቼ የቀረውን ጻፍኩት።

አንዲት ዐይነ ስውር ሴት ነበረች፤ እልፍነሽ ትባላለች። ሰው ክንዷን ሳይይዛት ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ገበያም ይሁን ለቅሶ፣ እየጎተቱ ይወስዷታል፣ እየጎተቱ ይመልሷታል። አንድ ቀን የከተማው ብስክሌት ክለብ ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት አመጣ። ከፊት የምታይ ሴት ትቀመጥና መሪውን ትይዛለች፤ ከኋላ የማታይ ትቀመጥና ጉልበቷን ትሰጣለች። ፔዳሉ በሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ አንዷ ስትረግጥ የሌላዋም እግር አብሮ ይዞራል። እልፍነሽ ከኋላ ወጣች። ክንዷን የያዘ ሰው የለም፤ ነፋሱ ፊቷን መታት። ከዚያ ወዲያ ማን ያውርዳት!

የፊተኛዋ ትርንጎ ናት፤ ደግ ልጅ፣ ሆደ ቡቡ። መንገዱን እያየች «ኩርባ»፣ «ጉድጓድ»፣ «ቁልቁለት» እያለች ትነግራታለች። ዳገት ላይ ግን የእልፍነሽን ትንፋሽ ስትሰማ አንጀቷ አይችልም። ገና ሳይጋመስ «ደረስን እልፌ፣ ይቺትና!» ትላታለች። እልፍነሽ ያላትን ሁሉ አሟጣ ትረግጣለች። ዳገቱ አያልቅም።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ደረስን!»

አሁንም አያልቅም። እንዲህ ሲሉ ዓመት ሞላቸው። ሁለቱም ደከሙ። እልፍነሽ በመጨረሻ «ደረስን» በተባለች ቁጥር ጉልበቷን መቆጠብ ለመደች። ለምን እንደሆነ ግን ለትርንጎ አልነገረቻትም። ትርንጎም ደክሟት ነው ብላ ይበልጥ አዘነችላት፤ ይበልጥ «ደረስን» አለቻት።

የከተሞቹ የብስክሌት ማጣሪያ ቀን መጣ። ያሸነፉት ብስክሌታቸውን ይዘው ለትልቁ ውድድር ይሄዳሉ። የተሸነፉት ያስረክባሉ፣ ብስክሌቷም ለሌላ ከተማ ትሰጣለች። መንገዱን ሁለቱም አያውቁትም፤ የሚያልቀው ዳገት አናት ላይ ነው። ሕዝቡ ከታች ጀምሮ ዳር ዳሩን ስለሚጮህ መጨረሻው መቅረቡን ከጩኸቱም መለየት አይቻልም።

አንዱ ጎረምሳ «ኧረ የኋለኛዋ ጨፍናለች፣ እንቅልፍ ላይ ናት!» አለ።

እልፍነሽ «አንተስ ነቅተህ የት ደረስክ?» ብላው አለፈች። ሰው ሳቀበት።

አናቱ ጋ ሲቃረቡ ከተፎካካሪዎቻቸው ጋር ጎን ለጎን ሆኑ። ሃምሳ ሜትር ቀረ። ትርንጎ «ደረስን እልፌ! አሁን ነው፣ ስጪው!» ብላ ጮኸች። እልፍነሽ እንደለመደችው ቆጠበች። በአንድ ጎማ ተቀደሙ።

ሲወርዱ ትርንጎ ታለቅስ ነበር። «ጉልበት እያለሽ! ምነው፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለቻት።

«ስንት ዳገት ላይ ደረስን ብለሽኛል?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው እህቴ። አሳዝነሽኝ።»

እልፍነሽ ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች። «ድካሙን እችለው ነበር» አለች። «ያቃተኝ ማየቱ ነው። ካንቺ የፈለግኩትም እሱን ብቻ ነበር።»

እንግዲህ አስተውሉ። ያዘንለትን ሰው በሐሰት ስናጽናናው የሚቀለው የእኛ ሆድ ነው፤ የእሱ መንገድ በአንድ ክንድ አያጥርም። የምር የደረስን ዕለት ደግሞ የሚያምነን አናገኝም። እናንተስ፣ ገና ሩቅ መሆኑን እያያችሁ «ደረስን» ያላችሁት ለማን ነው?

ብስክሌቷ ለሌላ ከተማ ተሰጠች። ትርንጎ አግብታ ቆላ ወረደች። እልፍነሽ ወንድሟ ቤት ሹራብ ትሠራለች።