«አውርዱኝ» የሚል ቅጽል ስም

አንድ ይትባረክ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ሁለት የልብ ጓደኞች ነበሩት። አንደኛው ዘለቀ ይባላል፤ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሁለተኛው ልዑልሰገድ ይባላል፤ ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነው። ሦስቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው አንድ መኝታ ክፍል ሲደርሳቸው ነው። ዕድሜያቸው አርባን ሲጠጋም ወዳጅነታቸው አልላላም።

በየዓመቱ በጋ ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሦስቱም ከሥራቸው ፈቃድ ይወስዱና ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን በጀርባቸው ተሸክመው አንድ ትልቅ ተራራ ይወጣሉ። ልማዱን የጀመሩት ገና ተማሪዎች ሳሉ ነው። ሚስቶቻቸው መጀመሪያ ላይ ያጉረመርሙ ነበር። በኋላ ግን ባሎቻቸው ከተራራ ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ፣ ልባቸው ቀሎ ስላዩአቸው ራሳቸው ስንቅ ያዘጋጁላቸው ጀመር።

የጉዞው መሪ ይትባረክ ነበር። መንገዱን የሚመርጠው፣ የሚነሡበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ በአንድ ቃል ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን ስትሰሙ «ክፉ ስለነበረ ነው» ብላችሁ ታሪኩን ከራሳችሁ እንዳታርቁት ነው።

ነገሩ የጀመረው ያ ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በሰሜን በኩል ያለ አንድ ከፍተኛ ተራራ ሊወጡ ሄደው፣ ጫፉ ላይ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራቸው ዘለቀን ኃይለኛ ራስ ምታት ያዘው። አስመለሰውም። ዘለቀ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ስላልነበረ አልቻልኩም፣ አውርዱኝ አላቸው። ሁለቱ ሻንጣውን ተቀብለው ይዘውት ወረዱ። የተራራ ሕመም ደግሞ ጠባዩ ነውና፣ ዝቅ ወዳለው ሰፈር ሲደርሱ ለቀቀው። ምሽት ላይ ዘለቀ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ።

ይትባረክ ይህን አይቶ ሳቀ። ጫፉን ሳያይ በመመለሱ ተናዶ ነበር፤ ንዴቱን በቀልድ አወጣው። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ዘለቀን «አውርዱኝ» እያለ ይጠራው ጀመር። ስልክ ሲደውልለት «አውርዱኝ፣ እንዴት አደርክ?» ይለዋል። በዓል ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት የተራራውን ታሪክ ይተርካል፤ የዘለቀን ድምፅ እያስመሰለ «አውርዱኝ» ይላል፤ ሰው ሁሉ ይንከተከታል። ዘለቀ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ ልጆቹ ሳይቀሩ በዚያ ስም ይጠሩታል። ዘለቀ አብሮ ይስቃል። ልዑልሰገድም ይስቃል። ዓመቱ እንዲህ አለፈ፤ ማንም ማንንም የጎዳ አልመሰለውም።

በተከታዩ ዓመት ወደዚያው ተራራ ተመለሱ። ይትባረክ ዘንድሮ ጫፉን ሳይረግጡ እንደማይመለሱ ገና ከቤት ሳይወጡ ተናግሮ ነበር። ልዑልሰገድ የመጣው ከቆላው ሙቀት በቀጥታ ነው። ፋብሪካው ጥገና ላይ ስለነበር ያገኘው ፈቃድ አጭር ነው፤ ሸሚዝ ከሚያስወልቅ አገር ተነሥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ውርጭ የሚጋገርበት ከፍታ ላይ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ለዕቃቸው በቅሎዎችና አንድ ጫኝ ተከራይተዋል፤ መንገድ መሪያቸው ደግሞ አያ ደምለው የሚባሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የአገሩ ሰው ነበሩ። አያ ደምለው ከቆላ ለመጣ ሰው አንድ ቀን ዐርፎ አየሩን መልመድ እንደሚበጅ መከሩ። ይትባረክ ምክሩ መልካም እንደሆነ፣ ጊዜያቸው ግን እንደማይፈቅድ በአክብሮት መለሰላቸው።

በሁለተኛው ቀን ምሽት ጅባራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክል በበዛበት ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉ። ልዑልሰገድ እራቱን አልነካም፤ ሻይ ብቻ ጠጣ። የመኪናው መንገድ አድክሞኛል ብሎ በጊዜ ገባ።

በማግሥቱ በቅሎዎቹን እዚያው ሰፈሩ ላይ ከጫኙ ጋር ትተው በእግራቸው ተነሡ። ሰማዩ የጠራ ነበር። ይትባረክ ከፊት፣ ዘለቀ ከመካከል ሆነው ይሄዳሉ። ልዑልሰገድ ወደ ኋላ እየቀረ መጣ። ሳል ጀመረው። ይትባረክ በየጥቂት ርቀቱ አንገቱን ዞር እያደረገ ደህና መሆኑን ይጠይቀዋል፤ ልዑልሰገድ እጁን አንሥቶ ደህና ነኝ ይላል፤ ይትባረክም መንገዱን ይቀጥላል። ዘለቀ ሁለቱን እያየ ምንም አይናገርም ነበር።

ረፋዱ ላይ አያ ደምለው ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው ልዑልሰገድ የተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ ቁጭ አሉ። ፊቱን አዩት፤ ጆሯቸውን ወደ ደረቱ አስጠግተው ትንፋሹን አዳመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ይትባረክ መጡ።

«ጌታው፣ ወዳጅዎ ደህና አይደለም» አሉት። «ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ደረቱ እንደ ድስት ይንተከተካል። እኔ በዚህ ተራራ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው አይቻለሁ። አሁኑኑ ይውረድ።»

ይትባረክ ቀና ብሎ ጫፉን አየ። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ቢቀር ነው። ዓመት ሙሉ ያሰበው ቦታ ፊት ለፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ልዑልሰገድ ዞረና ፈገግ ብሎ ጠየቀው።

«ልዑሌ፣ አንተም አውርዱኝ ልትል ነው እንዴ?»

ልዑልሰገድ ሳቀ። ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰበትና ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻለም።

«እኔ? ሂዱ ባካችሁ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ልረፍና እደርስባችኋለሁ።»

አያ ደምለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገዱ ከዚህ ወዲያ ግልጽ ስለሆነ ሁለቱ ብቻቸውን ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ እሳቸው ግን ከታመመው ሰው እንደማይለዩ ተናገሩ። ይትባረክ በዚህ ተስማማ። ልቡም ቀለለው፤ ሰው አብሮት እስካለ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ አሰበ።

ሁለቱ ጫፉ ላይ ደረሱ። ይትባረክ ዘለቀን አቀፈው፤ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ራሱም ተነሣ። ከዚያ ተቀምጦ ገደሎቹንና ከሥራቸው የተዘረጋውን ቆላ እያየ ቆየ። ዘለቀ ግን አልተቀመጠም። ቶሎ እንመለስ፣ ልዑሌ ብርድ ላይ ነው እያለ ሦስት ጊዜ ወተወተው።

ሲመለሱ ልዑልሰገድን በአያ ደምለው ጉልበት ላይ ተደግፎ አገኙት። የሽማግሌው ጋቢ ተደርቦለታል። ከአፉ ቀላ ያለ አረፋ ይወጣል። አያ ደምለው እንደተናገሩት፣ እነሱ ከሄዱ ጀምሮ እንውረድ እያሉ ሲለምኑት ነበር። እሱ ግን ጓደኞቼ ሲመለሱ አብረን እንወርዳለን፣ ቀድሜ ወርጄ እንዳያገኙኝ ብሎ እምቢ አለ። እምቢ ማለቱን የተወው መቆም ሲያቅተው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሳቸው ብቻቸውን ሊሸከሙት አልቻሉም። ቢጣሩም ነፋሱ ድምፃቸውን ወሰደው።

ይትባረክ ተንበርክኮ እጁን ያዘው። ልዑልሰገድ ዓይኑን ገለጠና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፁ ስለማይሰማ ይትባረክ ጆሮውን አስጠጋ።

«አውርዱኝ» አለው።

እየተፈራረቁ በጀርባቸው ተሸክመውት ወረዱ። በቁልቁለቱ እየተንሸራተቱ፣ ጉልበታቸው በድንጋይ እየተላጠ፣ ሳይነጋገሩ ይጣደፉ ነበር። ከበቅሎዎቹ ለመድረስ አንድ ኮረብታ ብቻ ሲቀር ተሸካሚው ይትባረክ ነበር። ከኋላ የሚከተሉት አያ ደምለው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ያሳርፉት፣ ጌታው» አሉ። «ሄዷል።»

ይትባረክ የሰማ አልመሰለም። ሌላ ሃያ እርምጃ ያህል ተሸክሞት ሄደ። ከዚያ ዘለቀ ፊቱ ቆሞ አስቆመው።

ልዑልሰገድ የተቀበረው ፋብሪካው ባለበት ከተማ ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ከለቅሶው ድንኳን አልተለዩም። በሠልስቱ ቀን ሰው ቀለል ሲል ሚስቱ አስካለ ሁለቱን አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። አልጮኸችም። ሁለት ልጆቿ ለምን አባታቸው ብቻ እንዳልተመለሰ ስለጠየቋት የምትመልስላቸውን እንዲነግሯት ለመነች።

ይትባረክ ያየውን ነገራት። በመንገዱ ሁሉ ይጠይቀው እንደነበር፣ ልዑልሰገድም ሁልጊዜ ደህና ነኝ ይል እንደነበር ተናገረ። ይህን ሲል ራሱን እየተከላከለ እንደሆነ ራሱም ታወቀው።

«ይትባረክ፣ አንተ ከእኔ በፊት ታውቀዋለህ» አለችው አስካለ። «ልዑሌ አንድ ቀን እንኳ ደህና አይደለሁም ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

ያን ጊዜ ዘለቀ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገረውን ነገር ተናገረ።

«ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አለ። «በዚያ ቀን ጠዋት ድንኳኑን ስናጥፍ፣ መተኛት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት አለኝ። ለይትባረክ ልንገረው ስለው፣ አንተን ዓመቱን ሙሉ በዚያ ስም ሲጠሩህ አይቻለሁ፣ እኔን እዚያ ውስጥ አታስገባኝ አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ብናገር፣ አውርዱኝ ዘንድሮም መውረድ አምሮት ሰበብ ፈለገ እንዳልባል ፈራሁ። ጓደኛዬን ለስም ብዬ ገደልኩት።»

አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ይትባረክ ግን ማልቀስ እንኳ አልሆነለትም። ዓመት ሙሉ የዘለቀን ሳቅ ሲሰማ ዘለቀ ከልቡ የሚስቅ መስሎት ነበር። ከዘለቀ እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ጠየቀው። ዘለቀ አነሣውና አቀፈው፤ ነገር ግን ሁለቱም ይቅርታው ልዑልሰገድ ዘንድ ሊደርስ እንደማይችል ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተራራ አልወጡም። ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም፤ በበዓል ይጠያየቃሉ፤ የልዑልሰገድን ልጆች አብረው ያስተምራሉ። የድሮው ጨዋታ ግን አልተመለሰም። ይትባረክ ቀልድ ሊናገር አፉን ሲከፍት የአንዱን ፊት፣ የሌላውን ፊት ያይና ይተወዋል። ሚስቱ አንዳንድ ጊዜ ያን ሳቂታ ባሏን ትናፍቀዋለች።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ይትባረክ መንገድ በሚያሠራበት በረሃ አንድ ድንጋይ ፈላጭ ራሴን አዞረኝ ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ፀሐይ የምትፈራ ሙሽራ አሉት። ሰውየውም አፍሮ መዶሻውን መልሶ አነሣ። ይትባረክ ይህን ከሩቅ አየና መጥቶ መዶሻውን ተቀበለው። ጥላ ውስጥ አስቀምጦት አጠገቡ ተቀመጠ፤ ምን እንደሚሰማው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደበላ አንድ በአንድ ጠየቀው። በራሱ መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ሐኪሙ መርምሮት ምንም አላገኘበትም። የግማሽ ቀን ሥራ ቀረ፤ ሠራተኞቹም አለቃችን በከንቱ ተታለለ ብለው አሙት። ይትባረክ ሐሜቱን ሰማ። በማግሥቱም ያው ሰው መጥቶ አዞረኝ ቢለው ያንኑ ያደርግ ነበር።

ሰው ሕመሙን ሲናገር የምንሰጠውን መልስ የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም። አጠገቡ ያለ፣ ገና ያልታመመ ሰውም ይሰማዋል። የራሱ ቀን ሲመጣ መናገር ይሻለው እንደሆነ፣ መደበቅ ይሻለው እንደሆነ የሚማረው ከዚያ ነው። ይትባረክ በዘለቀ ድካም ሲስቅ ለልዑልሰገድ መልስ እየሰጠው ነበር፤ ጥያቄው ገና ባልተጠየቀበት ጊዜ። ስለዚህ በቤታችን፣ በሥራ ቦታችን፣ በጓደኞቻችን መካከል ደክሞኛል፣ አሞኛል፣ አልቻልኩም ያለ ሰው ሲኖር የምንናገረውን ቃል እንጠንቀቅ። አብሮን ስለሳቀም አልከፋውም ብለን አንለፈው።

ዛሬ ከእኛ ጋር ከሚስቁት መካከል፣ ሊነግረን ፈልጎ እኛኑ ፈርቶ ዝም ያለ ማን ይሆን?