የጓንጉል ደርብና የዓሣው ገንዳ

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
ምነው ድምፃችሁ? በዚህስ ላሟም አትነቃም። ድገሙት! «ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። በዚያ አገር ደርብ ያለው ቤት የሠራ እሱ ብቻ ነው። የቤቱ ከፍታ! ደመና ሲያልፍ ጎንበስ ይል ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ጓንጉል ጠጂቱ የምትባል የሐይቅ ዳር ልጅ አገባና በሠርጉ ቀን በአማቾቹ ፊት ማለ፦ «ልጃችሁን ከደርብ አላወርዳትም!»

ከዚያም አንድ ቀን ጠጂቱ ከደረጃው ወደቀችና እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው አሰረላትና፦ «አርባ ቀን መሬት እንዳትረግጪ» አላት። ደርብ ላይ ተኛች። ሐይቁ ናፈቃት። እህልም አልወርድ አላት። ከስታ ከስታ ጥላዋ እንኳ ግድግዳው ላይ መውደቅ አቃተው።

ጓንጉል ጨነቀው፦ «ምን ላምጣልሽ?»

ጠጂቱም፦ «ዓሣ ሲዋኝ ባይ እበላ ይሆናል» አለችው።

ጓንጉል ድንጋይ አስጠረበና ትልቅ ገንዳ አሠራ። ገንዳውን ዐሥራ ስድስት በሬ ጎተተው፤ ዐሥራ ሰባተኛው በሬ ዘፈነላቸው። ከሐይቁም ዓሣ በእንስራ መጣ።

ግን ከደርቡ ሥር እናቱ እማማ ላቀች ይኖሩ ነበር። አልጋቸው ገንዳው ደርቡ ላይ ከሚቀመጥበት ቦታ ልክ በታች ነው። ጓንጉል ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ። ላይ ሚስቱ፣ ታች እናቱ። ፈራና ቤቱን የሠራውን ሽማግሌ አናጢ፣ አያ ቢተውን አስጠራ።

፦ «አያ ቢተው፣ ደርቡ ይችላል አይደል? በሠርጌ ስልሳ ሰው ሲጨፍርበት ንቅንቅ አላለም!»

፦ «ሠርገኛ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሲመሽም ቤቱ ይገባል። ውሃ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ ሌትም ቀንም ይጫናል። ይህ ገንዳ ከነውሃው ሃያ ሰው ያህላል። በሰው እንሞክረዋ!»

ከዚያም አያ ቢተው እማማ ላቀችን አስወጥቶ በር ላይ አቆማቸው። ደርቡን ከተሸከመው አግዳሚ እንጨት ሥርም ሸምበቆ በልክ አቆመ። አግዳሚው ከጎበጠ ሸምበቆው ይሰበራል። ጎረቤቱ ተጠራ። አንድ ባንድ ወጡና ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ እንደ ማገዶ እስር ተጣብቀው ቆሙ። ዐሥራ ሦስተኛው ወፍራሙ ጎሹ ነበር።

፦ «ጎሹ፣ አንተ እንደ ሁለት ሰው ትቆጠራለህ!»

፦ «ኧረ ጾም ላይ ነኝ!»

እግሩን ሲያሳርፍ፣ ቀጭ!

፦ «ተሰበረ!» ብለው ጮኹ እማማ ላቀች።

፦ «እንዳትዘሉ! ቀስ ብላችሁ ወደ ግድግዳው!» አለ ቢተው። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ጓንጉልን አየውና፦ «ሃያ ሳይሞላ ነው የተሰበረው። ገንዳውን አውጥተኸው ቢሆን እናትህን እንቀብር ነበር» አለው።

ጓንጉል ደረጃው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ፦ «እንግዲያ ሚስቴ በረሃብ ትሙት?»

፦ «አንተ ልጅ!» አሉ እናቱ። «ሐይቁን ሽቅብ ከምትሸከም እሷን ወደ ታች አታወርዳትም? አልጋዬን ትውሰድ!»

፦ «አላወርዳትም ብዬ ምያለሁ እኮ!»

ጠጂቱ ከላይ ሰማችና፦ «የማልከው ለእኔ ክብር አይደል? እኔ ፈቅጃለሁ። ለአባቴም እኔው እነግርልሃለሁ። አውርዱኝ!» አለች።

ሊመዝኑ የመጡት ጎረቤቶች ተሸካሚ ሆኑ። እግሯ መሬት ሳይነካ እንደ ንግሥት አወረዷት። ገንዳውንም መሬት ላይ አስቀምጠው ውሃ ሞሉት። ዓሦቹ ተንቦጫረቁ። ጠጂቱ አየች፣ አየች፣ ከዚያም፦ «ራበኝ» አለች።

እማማ ላቀች ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ፦ «የትኛውን ልጥበስልሽ?»

፦ «ውይ እማማ! እነሱንስ ይተዉአቸው። ቅንጬ ይስጡኝ!»

በላች። ጣባውን ጠራርጋ በላች። እንዴት እንደበላች ብነግራችሁ እናንተም ይርባችኋል። ጓንጉል የእናቱን ጉልበት ሳመና፦ «ሁለታችሁም ተረፋችሁልኝ፣ ተመስገን» አለ። ወደ አናጢው ዞሮም፦ «አያ ቢተው፣ ውለታህን በምን ልመልስልህ?» አለው።

፦ «መልሰህልኛል» አለ ቢተው። «ዕድሜ ልኬን ቤት ስሠራ፣ ከመጫኑ በፊት የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው የሚጠራኝ ከፈረሰ በኋላ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ጥርሴ አልቋልና ከዳቦው መሃል መሃሉን። ቁራሹም ተለቅ ይበል፤ እኔ እንኳ ስንቱን አግንኜ ሰጠኋችሁ!