ሽማግሌ በሩዝ ገንፎ

አንድ እሁድ ቀን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ልሳኑ የሚባል አዋቂ ነኝ ባይ ወጥ ቤት ገባ። ይቅርታ፣ አቶ ልሳኑ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን አንቱ አልለውም። ዕቃ ሊያይ ለጥቂት ቀናት ቻይና ደርሶ ከመጣ ወዲህ አገሩን በሙሉ ንቆ አረፈው። ሰው ፊቱ ካስነጠሰ እንኳ «ቻይና እንዲህ አያስነጥሱም» ይላል። በዚያ ላይ ቋጣሪ ነው፤ ከእጁ ጠብ የሚል ነገር የለም።

የዚያን ቀን ቤቱ ሽማግሌ ይመጣ ነበር። ታረቀኝ የሚባል ጨዋ ልጅ የአቶ ልሳኑን ልጅ ውብአንቺን ሊያገባ ፈልጎ ሽማግሌ ቢልክ፣ ሰውየው «እስቲ ዘመድ ላማክር» እያለ ደጋግሞ መለሳቸው። ዘመዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አማክሮ አያውቅም። ሽማግሌዎቹም ተማረሩና ታረቀኝን «ዛሬ ካልተሳካ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ» ብለውታል። ታረቀኝና ውብአንቺ እንቅልፍ አጥተዋል።

ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በጠዋት ተነስታ «ዶሮ ልሥራላቸው» አለችው።

«የምን ዶሮ! ይሄ ቅባት አይደል እንዴ ሰዉን የፈጀው? ቻይና የበላሁትን የሩዝ ገንፎ በአትክልት አድርጌ ራሴ እሠራለሁ» አለና አንድ ስኒ ሩዝ ወስዶ የድግስ ድስት በሚያህል ድስት ውኃ ውስጥ በተነው። ካሮት ከተፈበት፣ ጥቅል ጎመን ጨመረበት፣ ዝንጅብል ጣል አደረገበት። ከዚያ ሩዙ ፈርሶ እስኪጠፋ ድረስ አማሰለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የበሽተኛ አጥሚት ነው! በሽማግሌ ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ! ቀምሰው ሲያደንቁኝ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ።»

ሽማግሌዎቹ መጡ። አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የሚብስ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ገንፎው በየሳህኑ ተቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ! በትኩሱ ይሻላል» አለ አቶ ልሳኑ።

«የለም፣ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም። እህልም አንቀምስም። ወጉን ያውቁታል» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«እሱን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን። እናንተ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያችሁ ቀምሳችሁ አታውቁም። እኔው ነኝ የሠራሁት!»

«እጅዎ ይባረክ። ልጅቷን ግን?»

«ይረጋል እኮ ጋሽ ማንደፍሮ!»

«ይርጋ። ልጅቷን።»

አቶ ልሳኑ ጭንቅ ያዘው። እምቢ ብሎ እንዳይመልሳቸው፣ ያን ያህል ያማሰለውን ማን ያድንቅለት? ዝም እንዳይል፣ ገንፎው ዓይኑ እያየ ቆዳ እያወጣ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ የጓዳው በር ላይ ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ ትመለከተዋለች። ልታይ ልታይ ማለት ክፉ አመል ነው፤ አንዴ ከያዘ ሰውን ያሳብዳል።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ጮኸ፦ «እሺ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ውብአንቺን ለታረቀኝ ሰጥቻለሁ! በሉ አሁን ቅመሱልኝ!»

ጓዳ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሱ፣ አመሰገኑ፣ ተቀመጡ። ጋሽ ማንደፍሮ ማንኪያቸውን ሞልተው አንዴ ጎረሱ። ቆየት ብለው እንደምንም ዋጡት። ከዚያ ውኃ አንስተው ጠጡ።

«እህሳ?» አለ አቶ ልሳኑ፣ ወንበሩን እየጎተተ እየተጠጋ። «እንዴት አገኙት? እውነቱን ይንገሩኝ!»

ጋሽ ማንደፍሮ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አቶ ልሳኑ፣ የአባቶቻችን ወግ ዛሬ ገና ገባኝ። ‹ቃል ሳይሰማ እህል አይቀመስ› ያሉት ለካ ለልጅቷ አዝነው ኖሯል። ይሄንን ቀድመን ቀምሰነው ቢሆን፣ ‹ሙያ ከቤት ነው የሚወረሰው› ብለን ልጅቷን ሳንጠይቅ ባርኔጣችንን አጥልቀን እንሄድ ነበር!»