ሽጉጡና የአጥሩ ሽንቁር

አንድ ሰው ነበር። ጫካ ዳር ይኖራል፤ በቆሎ ያበቅላል፤ ሽጉጥ ይታጠቃል።

ሽጉጧ የአባቱ ናት። ገበያ ሲወርድም፣ ለቅሶ ሲሄድም ከወገቡ አትለይም። ተኩሶባት ያውቃል? አያውቅም። ይወለውላታል፣ ዘይት ይቀባታል፣ መልሶ ይታጠቃታል። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ የለም? አለ። የእናንተኛውን ስም አትጥሩ፤ የእኔኛው ግን ዘርጋው ይባላል።

ይህ ዘርጋው አንድ ቀን ሰርግ ተጠራ። ጎረቤቱ አንዳርጌም ነበር። አብረው ያደጉ፣ በደቦ አብረው የሚያርሱ፣ አጥር ለአጥር የተጋጠሙ ወዳጆች ናቸው። አንዳርጌን ጠላው ሞቅ አድርጎታልና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ዘርጋው፣ እስቲ እውነቱን ንገረን፤ ይቺ ሽጉጥ ትተኩሳለች ወይስ ሱሪህ እንዳይወርድ ነው?» አለው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች።

ዘርጋው ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ፤ ደቦ ቀረ፤ የአንዳርጌን ስም እንኳ በአፉ ላያነሣ ማለ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከዘርጋው ቤት ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣው በአንዳርጌ ደጅ ነው። ታዲያ ምን አደረገ? በጓሮ፣ በጫካው በኩል፣ የገዛ አጥሩን በመጥረቢያ ሸነቆረው። በዚያ ሾልኮ ጫካውን ዞሮ መንገድ ይገባል። እሾኹ ይቧጭረዋል፣ ጤዛው ያበሰብሰዋል፣ ገበያው ይረፍድበታል። ብቻ የአንዳርጌን ፊት አያይም። ለኩርፊያ ሲሆን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አይደክመንም!

ሲወጣ በሽንቁሩ ላይ የቀጋ ቅርንጫፍ ጎተት ያደርግበታል። አንዳንዴም ይረሳዋል።

በቆሎው እሸት ሲይዝ ከርከሮ ገባ። ከርከሮ ታውቃላችሁ፤ ከሚበላው የሚሰባብረው ይበልጣል። ሚስቱ እናትፋንታ አንድ ማለዳ የተጋደመ አገዳ ታቅፋ መጣችና፣ «የአስናቁ አባት፣ እንዲህ ከቀጠለ ዘንድሮ ልጆቹን ምን ልናበላቸው ነው?» አለችው። እውነቷን ነው፤ ከዚያ ማሳ ሌላ ቀለብ የላቸውም።

«ሰው ጠመንጃ ቢያውስህ ምን አለበት?»

«ሽጉጥ እያለኝ?»

«ሽጉጥ ለከርከሮ ትሆናለች?»

«አንቺም?» አለ ዘርጋው።

«አንቺም» ማለቱን ልብ በሉ። የሰርጉ ሳቅ ገና ከጆሮው አልወጣም። ምኞቱ ከርከሮውን በዚያችው ሽጉጥ ጥሎ፣ በእግሩ እየጎተተ በአንዳርጌ ደጅ ማለፍ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ሰው ሊያድን የተነሣው ከርከሮውን ነው ወይስ አንዳርጌን?

እንግዲህ አደን ወጣ። ሽጉጥ እንደ ጠመንጃ ከሩቅ አይሆንም፤ መቅረብ ይጠይቃል። ከርከሮ ደግሞ ዓይኑ ደከም ይበል እንጂ አፍንጫው ለጉድ ነው። ዘርጋው ይህን አጣርቶ ያውቃል። ነፋሱን በፊቱ አድርጎ፣ ጎህ ሲቀድ በዱባው ቅጠል መሐል በሆዱ ተኛ። ከርከሮዋ ግልገሎቿን አስከትላ ብቅ አለች። ዘርጋው ትንፋሹን ያዘ። አነጣጠረ። ዷ!

ዱባው ፈነዳ። ከርከሮዋ ጅራቷን ቀስራ፣ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

በማግሥቱ ይበልጥ ቀረብ ብሎ አደፈጠ። ዷ! አሁን ደግሞ የውኃ ጄሪካኑ ተበሳ። እናትፋንታ ከቤት ብቅ ብላ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከርከሮዎቹ እኮ ጄሪካኑን ትተውልን ነበር!» አለችው።

በዚያው ጠዋት አንዳርጌ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። የተኳረፉ ጎረቤቶች እንዴት እንደሚነጋገሩ ታውቃላችሁ። በውሻ በኩል ነው! አንዳርጌ ወደ ውሻው ወደ መቻል ጎንበስ ብሎ፣ ግን ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኾ፣ «አየህ መቻል፣ በጓሮ መውጫ ያበጀ ሰው፣ ማን እንደሚገባበትም ማየት አለበት!» አለው።

ዘርጋው ሰማ። «ደግሞ በውሻ ያሰድበኛል!» ብሎ ጋቢውን በጆሮው ላይ ሳበ።

ሰውየው እኮ እየነገረው ነው! የሚያድነውን ነገር እየነገረው ነው! ግን ላኮረፈ ጆሮ ምክሩም ስድብ ነው። አይደለም እንዴ?

ሦስተኛው ማለዳ እናትፋንታ ወፍጮ ቤት ሄደች። ዘርጋው ብቻውን ነው። «የቀረኝ መቅረብ ነው፤ መምጫቸው ድረስ ሄጄ እጠብቃቸዋለሁ» አለና ዱካቸውን እየተከተለ ሄደ። ዱካው በበቆሎው መሐል አለፈ፤ በጎመኑ ዳር ዞረ፤ የት ቢደርስ ጥሩ ነው? የራሱ ሽንቁር ላይ! የቀጋው ቅርንጫፍ ወደ ጎን ተጥሏል። ጭቃው ላይ የራሱ የጫማ ዱካ አለ። በጫማው ዱካ ላይ ደግሞ የከርከሮ ሰኮና ታትሟል።

ዘርጋው ደነገጠ። ገባው። ግን የገባውን ነገር ሊያስብበት ጊዜ አላገኘም፤ በሽንቁሩ ውስጥ ባለ ትልልቅ ክራንቻ ወንድ ከርከሮ ራሱን አስገባ። እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ከዚህ የበለጠ መቅረብ የለም። ዘርጋው ቃታውን ሳበ። ቀጭ! ደግሞ ሳበ። ቀጭ! የአባቱ ዘመን ጥይት ከሸፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱም በደንብ አያስታውሰውም። ራሱን ያገኘው ሽንቁሩ አጠገብ ያለ የዋንዛ ዛፍ ላይ ነው። ሲወጣ ቀበቶው በጉቶ ተያዘ፤ ከርከሮው ከሥሩ ያጓራል፤ ቀበቶውን ፈትቶ ለቀቀው። ቀበቶውም፣ ሽጉጧም ወደቁ። ከርከሮው ሽጉጧን አሸተተና ናቃት። ቤተሰቡን ጠርቶ ወደ በቆሎው ገባ። ዘርጋው በአንድ እጁ ቅርንጫፍ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ፣ የልጆቹ ቀለብ ቀጭ ቀጭ ሲል ከላይ ሆኖ ይሰማል። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ።

አንዳርጌ ዱላውን ይዞ ከቤቱ ወጣ። ሰምቷል። ልቡም ሊሮጥ ፈልጓል። ግን እሱም እኮ ሰው ነው፤ እሱም አኩርፏል። አጥሩ ጋ ቆመና፣ «መቻል፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ ልበል? የሚጠራው ግን እኔን ነው ወይስ ሌላ ሰው? ሰው ሁሉ እኮ ስም አለው!» አለ።

ዘርጋው ከዋንዛው ላይ ሆኖ ማሳውን አየ። በቆሎው ይሰበራል። ያችን አንዲት ስም ማውጣት ዛፍ ከመውጣት ከበደችው። ምራቁን ዋጠ።

«አንዳርጌ!»

ገና ሳይጨርሳት ሰውየው አጥሩን ዘሎ ነበር። መቻል ከፊት፣ አንዳርጌ ከኋላ፤ ያን የተበሳ ጄሪካን አንሥቶ በዱላው እየደበደበ! ከርከሮዎቹ በመጡበት ሽንቁር ተግተልትለው ጠፉ።

ዘርጋው ወረደ። ሱሪውን በሁለት እጁ ይዟል። አንዳርጌ ቀበቶውንና ሽጉጧን መሬት ላይ አየ፤ ሱሪውን አየ። ፊቱን አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ሳቅ» አለው ዘርጋው። «ሳቅ እንጂ፤ ታፍነህ ልትሞትብኝ ነው። ለካ እውነትህን ነበር፤ ለሱሪው ነበረች!»

ሁለቱም ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ያ ሁሉ ኩርፊያ ያን ጊዜ የት ሄደ?

«በዚህ ሽንቁር እንደሚገቡ ታውቅ ነበር?» አለ ዘርጋው እንባውን እየጠረገ።

«በየማለዳው አያቸዋለሁ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«በምን አፌ? አንነጋገርም እኮ! ለመቻል ግን ነግሬዋለሁ።» አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። «ደጅህ መጥቼ መንገር ነበረብኝ። የልጆችህ ቀለብ ሲሰበር እያየሁ ለውሻ ማውራቴ ያሳፍረኛል። ለሰርጉም ይቅር በለኝ፤ በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ።»

«አንተም ይቅር በለኝ» አለ ዘርጋው።

ቀጋ ቆርጠው፣ ግንድ አጋድመው ሽንቁሩን አብረው ደፈኑት። ሲጨርሱ አንዳርጌ፣ «እንግዲህ በየት ልትወጣ ነው?» አለው።

«በደጅህ ነዋ!»

ከበቆሎው የተረፈው ለልጆቹ በቅቷል። ሽጉጧ ግን እስከ ዛሬ አንድ ከርከሮ አልገደለችም።

ወገኖቼ፣ የሳቃችሁት በማን ነው? በዘርጋው? እኔም ስቄአለሁ። ግን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሰላማችን ተሰባበረ፣ እንቅልፋችን ተበላ፣ ልጆቻችን ከእኛ ኩርፊያ ተማሩ። እኛስ ምን እናደርጋለን? ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን እናደፍጣለን። «ጠላት ገባብኝ» እንላለን። ስእለት እንሳላለን፣ ሱባዔ እንይዛለን፤ መልካም ነው፣ ያዙ! ነገር ግን በሽንቁሩ ዙሪያ ያለውን ዱካ አይታችሁታል? ከሰኮናው ሥር የማን ጫማ አለ?

እናንተስ፣ የወንድማችሁ አጥር ተሸንቁሮ እያያችሁ ለውሻ የምታወሩ? «ብነግረው ይቆጣል» እያላችሁ ለጎረቤቱ፣ ለማኅበሩ፣ ለሁሉ የምትነግሩ፤ ለእሱ ግን የማትነግሩ? ስሙን ጠርታችሁ ደጁን አንኳኩ።

ሩቅ አልሄድም። ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ሁለት በር አለው። የደቡቡ ለሁላችሁም ይቀርባል። እኔ ግን ጉባኤው በተፈታ ቁጥር በሰሜኑ በር፣ ጭቃውን እየረገጣችሁ፣ ዙሪያውን የምትሄዱትን አያለሁ። ለምን? እገሌ በደቡቡ በር ይወጣላ! እገሊት እዚያ ቆማለቻ! አንገታችሁን አትድፉ፤ እኔ ማንንም አልጠራሁም።

ዛሬ ስንጨርስ የደቡቡ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ያን ሰው ስታገኙት ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም፤ ስሙን ጥሩት። ከብዷችሁ ምራቃችሁን ብትውጡም፣ ጥሩት። ደጁን ሳይዘጋ የሚጠብቀን አምላክ ለእርስ በርሳችን ደጅ እግር ይስጠን፤ አሜን በሉ። እንግዲህ ተነሡ፣ በደቡቡ በር እንውጣ፤ ሱሪያችሁን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁም ቢሆን ኑ!