ከላይ የደረቀ ድንጋይ

«አንድ እብነ በረድ ጠጋኝ ነበረ» ሲሉ ጀመሩ እማማ ትኩነሽ። ጎረቤታቸው አስካለ ልጇን አዝላ መጥታ፣ «ባሌ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እሑድ ዘመዶቹ ስለሚመጡ ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ ተመልሰሽ ግቢ ይለኛል። ልግባ ወይስ ልቆይ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ጠጋኙ አንድ ቀን ጧት ከአንድ ባለጸጋ ቤት ተጠራ። የሳሎኑ ትልቁ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ለሁለት ተሰብሯል። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የባለጸጋውን ትልቅ ሴት ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

ጠጋኙ ተንበርክኮ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው። ነጣ ማለት ሲገባው ጠቆር ብሏል።

«ማን አጠበው?»

«እኔ ነኝ» አለች እመቤቲቱ ኮራ ብላ። «ቆሻሻ ይዞ ለሰው እጅ ይሰጣል እንዴ?»

ጠጋኙ ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። እብነ በረድ ከላይ ደርቆም ከውስጥ ውሃ ይዞ ይቆያል። ስብራቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ የአሮጌ ኮላ ቅርፊት አየ። ጠረጴዛው ከዚህ በፊትም ተሰብሮ ያውቃል ማለት ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ማጣበቂያ ነበረው። አንደኛው በደቂቃዎች ይይዛል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ይከዳል። ሌላው ከሁለት ጣሳ የሚቀላቀል ነው። ድንጋዩ እስኪደርቅ፣ አሮጌው እስኪፋቅ፣ ከዚያም ታስሮ እስኪጠና ጊዜ ይፈልጋል። አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም።

«ከነገ ወዲያ ይደርስልዎታል» አለ።

«ከነገ ወዲያ ሽማግሌ የለኝም» አለ ባለጸጋው። «ቶሎ የሚይዘው የለህም? ወይስ ጠጋኝ የተባልከው ለስሙ ነው?»

ይህች ቃል ከነከነችው። ፈጣኑን አወጣና ለጠፈ፤ ወለወለ፤ አወዛው። ስንጥቁ የፀጉር ያህል እንኳ አይታይም። ባለጸጋው በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ሳቀ። «አየህ? ራስህን ስታካብድ ነው እንጂ።»

ጠጋኙ ዕቃውን ሰበሰበ፤ እግሩ ግን ከበሩ አልወጣ አለው። ሳህን መጣ። ማሰሮ መጣ። ከባዱ ድስት መሀል ላይ ሲያርፍ ጆሮውን አቀና። የቤቱ ትንሿ ልጅ አሻንጉሊቷን ታቅፋ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ተቀመጠች። የሽማግሌዎቹ ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። ከድንጋዩ ውስጥ ደግሞ «ጠቅ» የምትል ቀጭን ድምፅ ወጣች፤ እሱ ብቻ ሰማት።

ዘሎ ገባና ልጅቷን በክንዷ ስቦ አወጣት። ድስቱን አነሣ። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት የጠረጴዛውን መሀል በጡጫው መታው። ጠረጴዛው እንደገና ለሁለት ሆነ፤ ማሰሮው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«አዋረድከኝ» አለ ባለጸጋው።

«እኔ ሰበርኩት ብለው ይንገሯቸው። እውነትም ነው፤ የሰበርኩት ያን ፈጣኑን ማጣበቂያ ሳነሣ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሉ። ትልቋን ልጅም ጠይቀው ሄዱ። ጠጋኙ በማግሥቱ መጥቶ አሮጌውን ኮላ ሲፍቅ ዋለ።

እማማ ትኩነሽ ወደ አስካለ ዞሩ።

«ያንቺም ነገር ይኸው ነው፣ ልጄ። ይቅርታው ውሸት ነው አላልኩሽም፤ እንባውን እኔም አይቻለሁ። ግን ከውስጥ ገና እርጥብ ነው፤ የአምናውም ጥል አልተፋቀም። እሑድ ስለደረሰ ብቻ አይለጠፍም። ዘመዶቹ ጉልበታቸው ላይ ይብሉ፤ አይሞቱም። አንቺ ግን ይችን ልጅ ይዘሽ ከዚያ ጠረጴዛ ሥር አትቀመጪ።»