«ቁጭ በል» የሚለው ማን ይሁን?

በአንድ ወቅት፣ የሐኪም ምክር በስልክ ወደ ትናንሽ ከተሞች መድረስ በጀመረበት ዘመን፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ሙሉሰው የሚባል የብረት በር የሚሠራ በያጅ ነበር። ሙሉሰው ባይፖላር የሚሉት ሕመም አለበት። ሕመሙ አንዳንዴ ከፍ ያደርገዋል፤ እንቅልፍ አያምረውም፣ አፉ አያርፍም፣ የማይችለው ነገር ያለ አይመስለውም። ከዚያ ይጥለዋል፤ ፊቱን መታጠብ እንኳ ይከብደዋል። ኪኒኑን ይወስዳል፣ በየወሩም ዶክተር ሰናይት ከዋና ከተማ በቪዲዮ ታነጋግረዋለች።

ከወር እስከ ወር ያለውን የምትጠብቅለት ግን ሚስቱ ትርንጎ ነበረች። ንግግሩ ሲፈጥን ቀድማ ትሰማለች። አትቆጣም፣ አትመክርም። «ቁጭ በል» ትለዋለች፣ በቃ። ሙሉሰው ይቀመጣል። ለምን እንደሚታዘዛት ራሱም አያውቅም። እሱ ሲቀመጥ እሷ ለዶክተሯ ትደውላለች፣ ኪኒኑ ይስተካከላል፣ ነገሩ ሳይነሳ ይበርዳል።

ትርንጎ ሁለተኛ ልጃቸውን ስትወልድ ሞተች። ልጁም አልተረፈም። ለሙሉሰው የቀረችለት ርብቃ ናት፤ ገና አፏን መፍታቷ ነው።

ሐዘኑ ሳይወጣ ሕመሙ ከፍ አደረገው። ሲስቅ ያዩት ጎረቤቶች «ተመስገን፣ ተጽናና» አሉ። እሱ ግን የሰፈሩን በር ሁሉ አሳምሬ እመልሳለሁ ብሎ የየሰዉን የግቢ በር እየነቀለ ግቢው ውስጥ ደረደረው።

«ሙሌ፣ በሬን መልስልኝ እንጂ» አለው አንዱ ጎረቤት። «ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ የማን እንደሆነ የማላውቀው በግ ተኝቶ አገኘሁ።»

«በጉን ምን ዓይነት በር እንደሚወድ ጠይቅልኝ» አለው ሙሉሰው።

ጎረቤትየው ሳቀ። ርብቃን ሞተር ሳይክሉ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ፣ ነፋሱን ላሳያት እያለ ሲበር ግን የሳቀ የለም።

መጀመሪያ የደረሱት አማቱ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። ከገጠር ለመጠየቅ መጥተው ልጅቷን ሞተር ሳይክሉ ላይ አዩ። ለሙሉሰው ሳይነግሩ ርብቃን አዝለው በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዘዋት ሄዱ። ልጅቷ ከአደጋ ወጣች። ሙሉሰው ግን ቤቱን ባዶ ሲያገኘው «ለማን ብዬ ነው የምውጠው?» ብሎ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣለው።

ቀጥሎ አብሮት የሚበይደው ጓደኛው ታረቀኝ። የብየዳ ቤቱን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከተተና «መብራት ሄዷል፣ ምን ይደረግ» አለው። በሐኪም ማዘዣው ያንኑ ኪኒን እንደገና አስወጥቶ የራስ ምታት ነው እያለ አስዋጠው። ሰው ሳያውቅበት ይለፍለት ብሎ ለዶክተሯም አልደወለም። ሙሉሰው ጥቂት መተኛት ጀመረ፤ ነገሩ ግን አልበረደም። ፊውዙን ከጓደኛው ኪስ ያገኘ ዕለት ደግሞ «ከእንግዲህ መብራት በእውነት ቢሄድም የምጠረጥረው አንተን ነው» አለው።

በመጨረሻ ታናሽ እህቱ ስንዱ። ሙሉሰው ለዶክተሯ ምንም እንዳትናገር በትርንጎ ስም አስምሏት ነበር። የስልኩ ቀን ሲደርስ ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ ቀረበ። ዶክተሯ እንዴት ነህ ስትለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በዚያ አገር ለሐኪምም ለመንገደኛም የሚመለሰው ይኸው ነው። ዶክተሯም ፈገግ ብላ ወደ ሌላ ጥያቄ ልታልፍ ስትል ስንዱ ስልኩን ነጥቃ ወደ ግቢው አዞረችው።

«ዶክተር፣ ደህና አይደለም። ሕመሙ ተነስቶበታል፤ ይኸው የሰፈሩ በር።»

በዚያው ቀን መድኃኒቱ ተቀየረ፣ ሙሉሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በራቸውን ፍለጋ ግቢው ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች ግን ሁሉንም ሰምተዋል። ሲያልፍ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ከእህቱም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳይነጋገሩ ክረምቱ ወጣ።

በሮቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ወይዘሮ ዘነቡ ርብቃን ይዘው መጡ። እሳቸውም ታረቀኝም ስንዱም ሦስቱም ባሉበት ዶክተሯ ከስልኩ ውስጥ እንዲህ አለች፦

«ሙሉሰው፣ እኔ ሩቅ ነኝ፤ የማየው ስልኩ የሚያሳየኝን ብቻ ነው። አሁን ደህና ሳለህ አንድ ሰው ምረጥ። ያ ሰው ቁጭ በል ሲልህ፣ ባታምነውም ትቀመጣለህ፣ ልጅቷን ትሰጠዋለህ፣ እኔ ጋ ይደውላል። ሁለት ሰው አይሆንም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይግባኝ ትላለህ።»

«ከመረጡ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትደግ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ካልመረጡ ግን ይዣት እመለሳለሁ።»

«እስቲ እማማ፣ ይበሉኝና ልስማው» አለ ሙሉሰው።

ወይዘሮ ዘነቡ አማቻቸውን እንደ ወጉ አንቱ ነው የሚሉት። «ቁጭ ይበሉ» አሉ።

«እማማ፣ ይሄማ ለእንግዳ ነው።»

«ታዲያ አማቼን አንተ ልበል?» ከዚያ ርብቃን አዩ። «ለሷ ስል እላለሁ።»

ሙሉሰው አሰበ። አደጋውን ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ልጅቷንም አጥብቀው ይፈልጓታል፤ በደህናው ቀን በሳቀ ቁጥር ቁጭ በል ቢሉትስ?

«ቁጭ በላ፣ ምን ተገትረህ ታየኛለህ» አለ ታረቀኝ። ሁሉም ሳቁ፣ ዶክተሯም ጭምር። ሙሉሰው ሳይታወቀው ሊቀመጥ ጎንበስ አለና ወንበሩን ይዞ ራሱን ገታ። ቃሉ ከዚህ አፍ ሲወጣ አያምም። ግን እውነት ይሁን ብልሃት በምን ያውቃል?

ስንዱ ወለሉን እያየች «ጋሼ… ቁጭ በል» አለች። ድምፅዋ የትርንጎን መሰለው፤ ሊቀመጥ ወንበሩን ሳበ። ወዲያው ደግሞ ስልኩ ሲነጠቅ የተሰማው ንዴት ደረቱን ሞላው።

«ማንን ልመዝግብ?» አለች ዶክተሯ።

ሙሉሰው ርብቃን ታቅፎ በሦስቱ መካከል ቆሟል። ልጅቷን ያወጡ አሉ፣ ጓደኛውን ከሰው ዓይን የጋረደ አለ፣ መሐላዋን አፍርሳ እውነቱን የተናገረች አለች። አንዳቸውም እንደ ትርንጎ አይደሉም፤ ከእነሱ ውጭ ግን ሌላ ሰው የለውም።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ በማያምንበት ቀን እንኳ «ቁጭ በል» ሊለው የሚገባው ከሦስቱ ማን ነው?